የአለርጂ ምርመራ ለቅጥር ማጣሪያ አይሆንም

ሰሞኑን ስለ ሠራተኞች የአለርጂ ምርመራ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ሦስቱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። አንዷ ደሴ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ ባሏ ግንበኛ ነው። «አንቺ በዚህ ሥራ ውስጥ ነበርሽ፤ እውነት ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ። ነገሩ ግን ረዘመብኝ። ቁጭ ብዬ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

እኔ ነርስ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ያህል በአንድ ፋብሪካ ክሊኒክ ሠርቻለሁ። ስውል የማየው እጅ ነበር፦ የተሰነጠቀ እጅ፣ ውሃ የቋጠረ እጅ፣ ሌሊቱን ሲታከክ ያደረ እጅ። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኔ ሩቅ አይደለም።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው የሚነሡት ከእውነተኛ ችግር ነው። በቀለም፣ በቆዳ፣ በሲሚንቶና በጽዳት ኬሚካል የሚሠሩ ሰዎች በቆዳና በትንፋሽ ሕመም ይሠቃያሉ፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም ይላሉ። ከዚያ ወደ መፍትሔው ይገባሉ። ማንኛውም ድርጅት ሰው ከመቅጠሩ በፊት የአለርጂ ምርመራ ያስደርግ፤ አለርጂ የተገኘበት አይቀጠር። ለዚህም አንድ የደም ምርመራ ይበቃል። ምርመራው «የለም» ካለ የሠራተኛው ሕመም ከሥራው የመጣ አይደለም። ችግሩ ያለው ሰውየው ደም ውስጥ ነው፤ ማስረጃውም አጠገቡ የቆመው ባልደረባው ምንም አለመሆኑ ነው። ምርመራው ከጓንትና ከአየር ማስወጫ ይረክሳል። በመጨረሻም፣ ላብራቶሪ የማግኘት አቅም የሌለው ድርጅት ኬሚካሉን ሠራተኛው ክንድ ላይ ጠብ አድርጎ ማየት ይችላል ይላሉ።

ስለ ችግሩ ያሉት ልክ ነው። እንዲያውም አሳንሰውታል። ብዙ ሠራተኛ እጁ ሲታመም ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ፋርማሲ ጎራ ብሎ አንድ ቱቦ ቅባት ይገዛል። ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ያለበት ነው። ለጥቂት ቀን ይሻለዋል። ከዚያ ይመለሳል፤ ደግሞ ይቀባል። እንዲህ እያለ ዓመት ያልፋል፤ ቆዳው ይሳሳል፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም። ስለዚህ ምርመራ ያስፈልጋል በሚለው እስማማለሁ። የምንለያየው ማን ይመርመር፣ መቼ ይመርመር፣ ውጤቱስ ምን ይደረግበት በሚለው ላይ ነው።

ከቅጥር በፊት እንመርምር ከሚለው ልጀምር፤ ዋናው እሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ባል ሲሚንቶ የነካው ገና በወጣትነቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አቦካ፣ ለጠፈ፣ ገነባ። ምንም አልሆነም። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ጣቶቹ መሐል ማሳከክ ጀመረው። ከዚያ የእጁ ጀርባ ቀላ፣ ተላላጠ። ሥራ ሲያቆም ይሻለዋል፤ ሲመለስ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ያገረሽበታል። እሱን በተቀጠረበት ቀን ብንመረምረው ምን እናገኝ ነበር? ምንም። «ንጹሕ ነው» ተብሎ ይገባ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለኬሚካል የሚመጣ የቆዳ አለርጂ ይዘነው የምንወለደው ነገር አይደለም። ሰውነት መጀመሪያ ከኬሚካሉ ጋር መገናኘት አለበት። ከዚያ «ይህ ጠላት ነው» ብሎ ይማራል። ለመማር ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ወራትና ዓመታት። አንዴ ከተማረ በኋላ ግን አይረሳም። ትንሽ እንኳ ቢነካው ይነሣል። ስለዚህ ቀለም ቤት፣ ማለትም ጨርቅ የሚነከርበት ክፍል፣ ገብታ የማታውቅ የሃያ ዓመት ልጅ ዛሬ ብትመረመር የምናገኘው ውጤት ስለ ነገ የሚነግረን ነገር የለም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ከቅጥር በፊት የሚደረግ ምርመራ ሥራውን መሥራት የሚችሉ ሰዎችንም ያስቀራል። ለምሳሌ ለኒኬል አለርጂ ያለባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ከርካሽ ጉትቻና ጌጥ የሚመጣ ነው። አንዲት ልጅ ለኒኬል አለርጂ አለባት ተብሎ ከልብስ ስፌት ብትባረር ምን ትርጉም አለው? ጥቁር ሂናንም አስቡት። ለሠርግ እጃችን ላይ የምንሠራው ሂና ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም ዱቄት ሲቀላቀልበት፣ በውስጡ ያለው ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ለዕድሜ ልክ አለርጂ ሊያስይዝ ይችላል። ለፒፒዲ አለርጂ ያለበት ሰው ለአንዳንድ የጨርቅ ቀለሞችም ሊቆጣ ይችላል። ይህች ልጅ ዱቄት ቀለም ከሚመዘንበት ክፍል ብትርቅ መልካም ነው። ፋብሪካው ውስጥ ግን ማሸጊያ አለ፣ መጋዘን አለ፣ ቢሮ አለ። በጸሐፊው ሐሳብ ብንሄድ በሠርጓ ሰሞን በተቀባችው ሂና ምክንያት የፋብሪካው በር ይዘጋባት ነበር። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንት ቤት ለልጁ ሥራ ተገኘ ብሎ እንደተደሰተ የአካባቢው ሰው ያውቃል። በማይረባ ማጣሪያ ያን በር መዝጋት ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ለጸሐፊው እሰጣለሁ። በልጅነቱ ኤክዚማ የነበረበት ሰው እርጥብ ሥራና ኬሚካል ላይ ሲሰማራ እጁ ቶሎ ይጎዳል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ግን ለዚህ የላብራቶሪ ምርመራ አያስፈልግም። «በልጅነትህ ቆዳህ ያሳክክህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልሱም ጓንቱንና ቦታውን ለመምረጥ ይጠቅማል።

አንድ የደም ምርመራ ይበቃል የሚለውስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጨፍልቀዋል።

ደም ውስጥ የሚለካው አይጂኢ የሚባለው የሰውነት መከላከያ (አንቲቦዲ) ነው። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚነሣውን አለርጂ ነው የሚያሳየው። ቆዳ ላይ በመርፌ ጫፍ ነካ ተደርጎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ የሚነበበው ምርመራም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የዱቄት፣ የላቴክስ ጓንት፣ ሪአክቲቭ የሚባሉ የአንዳንድ የጨርቅ ቀለሞች አለርጂ በዚህ መንገድ ሊገኝ ይችላል።

የግንበኛው፣ የቆዳ ሠራተኛው፣ የብዙው ቀለም ቤት ሠራተኛ የእጅ ሕመም ግን ሌላ ዓይነት ነው። ዘግይቶ ነው የሚነሣው። ደም ውስጥ አይጂኢ ቢፈለግ አይገኝም። የሚገኘው ጀርባ ላይ በሚለጠፈው ምርመራ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ያዳሶን እ.ኤ.አ. በ1895 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ እስካሁንም የተሻለ አልተገኘለትም። የተለያዩ ኬሚካሎች በልክ ተበርዘው፣ ብዙዎቹ በቫዝሊን ተለውሰው፣ በትናንሽ ክዳኖች ጀርባ ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ። 48 ሰዓት ይቆያሉ። ከዚያ ተነሥተው ይነበባሉ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ እንደገና ይነበባሉ። ሁለተኛውን ንባብ የዘለለ ብዙ አለርጂ ያመልጠዋል።

ለእኛ ቆዳ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጽሐፉ «መቅላቱን ተመልከት» ይላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላት በደንብ አይታይም። በጣት ዳሰስ አድርጎ ያበጠውን፣ ሸከር ያለውን መፈለግ ያስፈልጋል። እንዲህ በዓይን ብቻ ታይተው «ምንም የለብህም» የተባሉ ሰዎች ገጥመውኛል።

የመኪና ቀለም የሚረጩ ልጆችም አሉ። ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለው ማጠንከሪያ (ሃርድነር) ብዙ ጊዜ አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል ይኖርበታል። በሥራ ምክንያት ከሚመጣ አስም ዋና ዋና መነሻዎች አንዱ ነው። ለአይሶሲያኔት አስም ከያዛቸው ሰዎች ውስጥ አይጂኢ ደማቸው ውስጥ የሚገኝባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የደም ምርመራውን ብናምን አብዛኞቹን «ደህና ናችሁ» ብለን ወደዚያው ጢስ እንመልሳቸዋለን። ለእነሱ የሚሻለው ዘዴ ትንፋሽ መለኪያ ነው። በቀን አራት ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት ያህል፣ በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም እየነፉ መጻፍ። በሥራ ቀን ወርዶ በዕረፍት ቀን ከወጣ ነገሩ ተያዘ ማለት ነው። መሣሪያው በእጅ የምትያዝ ትንሽ ቱቦ ናት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ። በጣም የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ምርመራው «የለም» ካለ ሕመሙ ከሥራው አይደለም ይላሉ።

ክሊኒክ ሳለሁ ፈትል ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ሰኞ ሰኞ ይመጡ ነበር። «ደረቴን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ» ይላሉ። ማክሰኞ ይቀላቸዋል። ሐሙስና ዓርብ ደህና ናቸው። እሑድ አርፈው ሰኞ ሲገቡ ደግሞ ይመጣል። አንዳንድ አለቃ «የሰኞ ስንፍና ነው» ይላል። ስንፍና አልነበረም። ቢሲኖሲስ የሚባለው የጥጥ ብናኝ በሽታ ምልክቱ ልክ እንዲህ ነው፤ ከዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን ይብሳል። መነሻው ከጥጡ ጋር የሚመጣው ብናኝና በውስጡ ያለው የባክቴሪያ መርዝ ነው። የምናውቀው ዓይነት አለርጂ አይደለም። በየትኛውም የአለርጂ ምርመራ አይገኝም። ችላ ከተባለ ግን ሰኞ ብቻ የነበረው ሳምንቱን ሙሉ ይሆናል፤ ሳንባውም ተጎድቶ ይቀራል። እነዚህን ሰዎች በጸሐፊው መንገድ ብንመረምራቸው «የለም» ይወጣል። ከዚያ አስመሳይ ይባላሉ።

በረኪናንም እንውሰድ። ሙሉ ቀን በበረኪና ስታጸዳ የዋለች ሴት እጇ የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ በአለርጂ አይደለም። ኬሚካሉ ራሱ ቆዳዋን ስለሚበላው ነው። ጋራዥ ውስጥ እጁን በቤንዚንና በናፍጣ የሚታጠበው ልጅም እንደዚያው ነው። ከሥራ የሚመጣ የእጅ ቆዳ ሕመም ሲቆጠር አብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። የአለርጂ ምርመራው ባዶ ይወጣል፤ እጁ ግን ቁስል ነው፤ ቁስሉም የመጣው ከሥራው ነው።

ደግሞም ምርመራው የሚያየው የተለጠፈውን ብቻ ነው። የቆዳ አለርጂ እንደሚያስይዙ የተመዘገቡ ኬሚካሎች ከ4,000 በላይ ናቸው። መደበኛው ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሠላሳ ገደማ ናቸው። ሠራተኛው በየቀኑ የሚነካው ኬሚካል ሠላሳዎቹ ውስጥ ከሌለ «የለም» የሚለው ቃል ምን ይነግረናል? «ካየናቸው ውስጥ አላገኘንም» ማለት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሙ የሠራተኛውን ሥራ ጠይቆ ማወቅ ያለበት። ሠራተኛውም ባዶ እጁን መሄድ የለበትም። የጆንያውንና የጀሪካኑን ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይሂድ። ከኬሚካሉ ጋር የሚመጣ የመረጃ ወረቀት አለ። እዚያ ላይ ኤች 317 (H317) የሚል ካለ ቆዳ ላይ አለርጂ ያስይዛል ማለት ነው። ኤች 334 (H334) ካለ ወደ ውስጥ ሲተነፈስ አስም ሊያስይዝ ይችላል ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ብታስታውሱ ብዙ ነገር ታያላችሁ።

የሰውየው ደም ነው የሚለው ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት ያሳምናል። ሁለት ሰው አንድ በርሜል ላይ ቆሞ አንዱ ብቻ ከታመመ፣ ልዩነቱ ከሰውየው መሆን አለበት አይደል? በከፊል አዎ። ሰው ይለያያል። ግን ሠርግ ቤት አሥር ሰው ከአንድ ትሪ በልቶ ሁለቱን ሆዳቸውን ቢያማቸው፣ ስምንቱ ደህና ስለሆኑ ምግቡ ደህና ነበር ብሎ የሚደመድም የለም። ምግቡን ነው የምናየው።

ከዚያ ደግሞ «አጠገቡ የቆመው» የሚባለው ሰው በርግጥ አጠገቡ ነው ወይ? አንዱ ዱቄቱን ከጆንያ ይገለብጣል፤ ሌላው ጋሪውን ይገፋል። የሁለቱም የሥራ መደብ በወረቀት «ቀለም ቤት» ነው። የገባባቸው መጠን ግን አይገናኝም። ሌላም አለ። አሥር ዓመት ቆይቶ ምንም ያልሆነውን ሰው አንስተን ስንመሰክር፣ በሁለተኛው ዓመት ታመው ወጥተው ወደ ገጠር የተመለሱትን አንቆጥራቸውም። እነሱ ፋብሪካው ውስጥ የሉማ። የምናየው የተረፉትን ነው።

ሰውየው ሳይሆን ኬሚካሉ ሲቀየር ምን እንደሚሆን ደግሞ በተግባር ታይቷል። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው አለርጂ የሚያስይዘው ነገር ክሮሚየም ስድስት ይባላል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲሚንቶዋ ውስጥ ፌረስ ሰልፌት የሚባል የብረት ጨው እየጨመረች ይህን ክሮሚየም አዳከመችው። በግንበኞቿ ዘንድ የክሮም አለርጂ በግልጽ ቀነሰ። የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ2 ክፍል በላይ ሟሚ ክሮሚየም ስድስት ያለበት ሲሚንቶ በእጅ ለሚሠራ ሥራ እንዳይሸጥ ከለከለ። ግንበኞቹ ያው ግንበኞች ናቸው። ደማቸው አልተቀየረም። የተቀየረው ሲሚንቶው ነው።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም። ጸሐፊው የምርመራውን ዋጋ ከጓንት ዋጋ ጋር አነጻጽረዋል። ግን ምርመራ ጓንትን አይተካም፤ የተመረመረም ሰው ኬሚካል ይነካል። ሕጉም በዚህ ላይ ምርጫ አይሰጥም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መከላከያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። እንደ ሥራው ጠባይ ሲያስፈልግ የጤና ምርመራውም በአሠሪው ወጪ ነው። ጸሐፊው ያልቆጠሩት ወጪ ግን አለ፤ የሠራተኛው ጊዜ። ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ምርመራ ቢያንስ ሦስት ቀን መመላለስ ይጠይቃል። ፕላስተሩ እንዳይላቀቅ ገላ መታጠብ የለም፤ ማላብ የለም። በኮምቦልቻ ሙቀት፣ ማሽን አጠገብ ቆሞ አለማላብ አይቻልም። ስለዚህ ፈቃድ ሳይሰጡ «ሄደህ ተመርመር» ማለት ምርመራውን ማበላሸት ነው።

የአክስቴ ልጅ ባል በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ተመረመረ። ለክሮም አለርጂ ሆኖ ተገኘ። ያኔ አንድ ነገር ገባን። እጁ ሲታመም አለቃው አዝኖለት የቆዳ ጓንት ሰጥቶት ነበር። ቆዳ ደግሞ አብዛኛው የሚለፋው በክሮም ነው። በላበ ቁጥር ክሮሙ ከጓንቱ እየወጣ እጁን ይበላው ነበር። መከላከያ ያልነው ነገር ሕመሙን ሲመግብ ከርሟል። ጓንቱን ጣለ። የቆዳ ጫማውንም በላስቲክ ቦቲ ቀየረ። ቡካታውን ተወና ፌራዮ ሆነ፤ ብረት ያስራል። እጁ ሙሉ በሙሉ ባይድንም ሌሊት ይተኛል። ምርመራ ለእኔ የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው። ሰው ሲታመም፣ የሚነካው ነገር ተዘርዝሮ፣ ውጤቱ ሲመጣ ነገሩ ከእጁ እንዲርቅ። «አብሽሪ፣ አሁን ያወቅነው ነገር ነው» አለኝ ባለፈው ቡና ላይ።

የቀረው የጠብታው ነገር ነው። ኬሚካሉን ክንድ ላይ ጠብ አድርጋችሁ እዩ የሚለው። ይህን ምክር ማንም እንዳይሞክረው እለምናለሁ። ቀለም ቤት ያለው ኮስቲክ ሶዳ ሥጋ ይበላል፤ የሚታየው ቁስል ቃጠሎ እንጂ አለርጂ አይደለም። ጀርባ ላይ ለሚለጠፈው ምርመራ የክሮም ጨው የሚበረዘው በ0.5 በመቶ ነው፤ ፒፒዲ በ1 በመቶ። ከበርሜል የተቀዳ ኬሚካል ይህን ልክ አያውቅም። ሃርድነር ቆዳ ላይ ጠብ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ አይሶሲያኔት በቆዳ በኩል ገብቶ በኋላ ለአስም መንገድ እንደሚጠርግ የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ። አለርጂ ያልነበረበትን ሰው በምርመራ ስም አለርጂ ማስያዝ ይሆናል።

ጸሐፊው ለሠራተኛው አስበው እንደጻፉ አምናለሁ። ሌላውን ሐሳባቸውን ይዘው መከራከር ይችላሉ። ያቺን የጠብታ አንቀጽ ግን ዛሬውኑ እንዲያነሧት እጠይቃቸዋለሁ። ጽሑፉን ወደ ፋብሪካ ግሩፖች የላካችሁ ሰዎችም «ክንድ ላይ ጠብ የሚለውን አትሞክሩት» የሚል አንድ መስመር አስከትላችሁ ላኩ። ነገ ጠዋት ፈረቃ ከመግባቱ በፊት ቢደርሳቸው ጥሩ ነው።